የመቶ ልጆች ጥልፍ

ለእናቴ አፍ የሆንሁላት በስምንት ዓመቴ ነው። ከሱዳን መጥተን ሬሆቦት በገባን ዓመት እኔ ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት ለቀም ለቀም አደረግሁት፤ አባቴና እናቴ ግን አልገፋላቸውም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድም ስንሄድ፣ የልጆች ትምህርት ቤትም ስንጠራ፣ ቤት ሰጪው ቢሮም ስንቀርብ መሐል ላይ የምቆመው እኔ ነበርሁ። እናቴ አሥር ቃል ስትናገር እኔ ሁለት እላለሁ። ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ጸሐፊዋ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ከኋላችን ሰልፍ አለ። እናቴ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ጋ እንደ እሳት ይለበልበኛል፣ እንቅልፍ ነሥቶኛል፣ አባትሽም አይቶ ደንግጧል» ስትል እኔ «ሆዷን ያማታል» ብዬ እገላገላለሁ። ማሳጠሬ እንደ ችሎታ ይቆጠርልኝ ነበር። «ጎበዝ ልጅ» እያሉ ከረሜላ ይሰጡኛል።

ይህን አስቀድሜ የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ ፈልጌ አይደለም። ኋላ የሠራሁትን ስታነቡ ከየት እንደ መጣ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ነገሩ የደረሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ገና እንደ ገቡ፣ እዚህ ዝናብ በሚጥልባቸው ወራት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትርንጎ እባላለሁ፤ በሥራ ቦታ ግን ቲርጻ ይሉኛል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ኦሺዮት ሰፈር እንኖር ነበር። ሥራዬ ሜታፔሌትነት ነው፤ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየሄዱ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት። በዚያን ጊዜ የምንከባከባቸው ሴትዮ ጌርዳ ይባላሉ። ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል፤ እግራቸው ከድቷቸዋል እንጂ አእምሯቸው እንደ ምላጭ ነው። ተወልደው ያደጉት ጀርመን አገር ነው። በዚያ የመከራ ዘመን አምልጠው ቻይና፣ ሻንጋይ ከተማ ገብተው ኖረው፣ ከጦርነቱ በኋላ ነው ወደዚህ የመጡት። ባላቸው ሞተዋል። ሩት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቤኤር ያዕቆብ ትኖራለች፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ብቅ ትላለች።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ አንድ ቀይ የሐር ጨርቅ በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ቁመቱ የአልጋ ልብስ ያህላል። ጨርቁ ላይ በቀለም ክር የተጠለፉ ትንንሽ ልጆች ሞልተዋል፤ ሁሉም ይጫወታሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ መስተዋቱን በየሳምንቱ ወልውያለሁ። ልጆቹን ግን አንድ ቀንም ቆሜ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን እናቴ ዓይኗን ተቀደደች። ሞራ ሸፍኖባት ዓመታት በጭጋግ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ኖራለች። ሐኪሙ በየአራት ሰዓቱ ጠብታ እንድናደርግላት አዘዘ፤ እሷ ደግሞ ለብቻዋ ማድረግ አትችልም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ብርሃኑ ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ወታደርነቱን ሊያገለግል ተጠርቶ ሄዷል። ባሌም ሥራ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ከእኔ ጋር ወደ ሥራ ልወስዳት ወሰንሁ። በሥራ ቦታ ዘመድ ይዞ መገኘት ክልክል ነው፤ የሚቆጣጠሩን ሰዎች ቢሰሙ እባረራለሁ። ጌርዳን ስጠይቃቸው ግን «ለምን ትጠይቂኛለሽ? አምጫት እንጂ! ቤቴ ሰው አጥቷል» አሉኝ። ሩትን ግን ፈራሁ። ምንም ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ ዝም ብዬ ነው የምፈራት።

ሰኞ ጠዋት ሄድን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንድ ዓይኗን ከልላ ገባች። ጌርዳ «ሻሎም፣ ሻሎም» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። እናቴ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንደምን አደሩ እሜቴ? ልጄን ስለያዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ምን አለችኝ?» አሉ ጌርዳ።

«ሰላም ትልዎታለች።»

እናቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ገና ውኃ ከመጣዴ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። የደነገጠች መስሎኝ ሮጬ ተመለስሁ። የዓይኗን መከለያ ገልጣ ቆማ፣ አፍንጫዋ መስተዋቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ጥልፉን ታያለች።

«ትርንጎ፣ ነይማ! ነይ እዪልኝ! እነዚህ ልጆች ቁንጮ አላቸው!»

እውነትም አላቸው። ራሳቸው ዙሪያውን ተላጭቶ መሐሉ ላይ እፍኝ የማትሞላ ጸጉር ቀርታለች። የእኛ አገር ልጆች የሚላጩት እንዲያ ነበር።

«ቻይና ናቸው እማዬ» አልኋት።

«ቻይናም ይሁኑ። ማን ላጫቸው? እናታቸው አይደለችም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን መስተዋቱ ላይ እያሳለፈች ለራሷ ታወራ ጀመር። «ይኼ የእንጨት ፈረስ ይጋልባል… ይኼ ደግሞ ዓይኑን ታስሮ ጓደኞቹን ሊይዝ ይዳብሳል፣ ወዲያ ማዶ ናቸው ሞኜ!… እነዚህ ምንድን ነው የከበቡት? ፌንጣ ነው? ፌንጣ ያዋጋሉ! ይኼኛው ከበሮ ይመታል። ይኼኛው ቅጠል እንደ ጥላ አስይዞ ንጉሥ ሆኗል፣ እይው ሲኮራ።»

እናቴ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ጌርዳም ባይገባቸውም አብረዋት ይስቃሉ። እሷ የጠቆመችውን ሁሉ እሳቸው በዕብራይስጥ እየተቀበሉ ያብራራሉ፤ አንዳቸው የሌላኛቸውን ቋንቋ ሳይሰሙ እንደ ሁለት ጎረቤቶች ይጨዋወታሉ።

ከዚያ ጌርዳ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲርጻ፣ ይህን ንገሪልኝ። ጨርቁን የሰጠችኝ ሻንጋይ የነበረች ጎረቤቴ ናት። ነፍሰ ጡር ነበርሁ፤ ስምንት ወሬ። ባዶ እጃችንን ነው የሄድነው፣ አንዲት ክፍል ውስጥ በመጋረጃ ተከፋፍለን ሦስት ቤተሰብ ነበርን። ሴትዮዋ ይህን ከራሷ አልጋ ላይ አንሥታ አመጣችልኝ። መቶ ልጆች ናቸው፤ እንደነዚህ የሚቦርቅ ልጅ ይስጥሽ ማለት ነው አለችኝ። ወንድ ልጅ ወለድሁ። በሰባት ወሩ ሙቀቱ ሲበረታ በተቅማጥ ሞተብኝ። ጨርቁን ልጥለው አውጥቼ ነበር። ደጃፍ ደርሼ ተመለስሁ።»

ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር። ለምን ለእናቴ ነገሯት? አላውቅም። ምናልባት ልጆቹን እያየች የሳቀችው ሳቅ ይሆናል።

እናቴ ታየኛለች። «ምን አሉ?»

እኔ ሰዓቴን አየሁ። አምስት ከሩብ ነው፤ ሩት በስድስት ትመጣለች። «ቻይና አገር ሳሉ ጎረቤታቸው የሰጠቻቸው ነው» አልኋት።

«ይህን ሁሉ አውርተው ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ነው እማዬ። ያላ፣ ጠብታሽን ላድርግልሽ፣ ተቀመጭ።»

አልተቀመጠችም። ጣቷ ጨርቁ ታች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ ቆሟል። እዚያ አንድ ከፍ ያለ ልጅ ትንሹን በጀርባው አዝሎ ይሮጣል። የታዘለው ልጅ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፤ ፈረሱን የሚያስጋልብ ይመስላል። እናቴ ሳቋ ቀስ ብሎ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት። ዘወር ብላ ከጌርዳ ወንበር ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እሜቴ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፣ «አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ወደ ሱዳን በእግር ስንሄድ አባቴ ከፊት አህያውን ይነዳል፣ እናቴ አራስ ወንድሜን ብርሃኑን ይዛለች። ደሴ የሚባል የሦስት ዓመት ወንድም ነበረን፤ እሱን የማዝለው እኔ ነበርሁ። ደሴ ሱዳን ሳይደርስ በመንገድ ታሞ ሞተ ተብዬ ነው ያደግሁት። እኔ የማስታውሰው እናቴ ማታ ማረፊያችን ስንደርስ ከጀርባዬ እየፈታች «ተኝቷል፣ ስጭኝ» ስትለኝ ነው። በማግሥቱ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሙ ተነሥቶ አያውቅም።

እናቴ ለጌርዳ እንዲህ አለቻቸው፤

«ይህች ልጄ አታውቅም። ወንድሟ የሞተው በጀርባዋ ላይ ነው። ቀትር ላይ ነበር። ከኋላ ከኋላዋ ስሄድ አንገቱ ዘንበል ብሎ አየሁት። ነካሁት፤ የለም። ሕዝቡ ይሄዳል፣ መቆም የለም፤ የቆመ ሰው ይቀራል። ባወርደው ልጅቱ ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ እግሯ ይያዛል፣ አትሄድልኝም ብዬ ፈራሁ። አራሱን ይዣለሁ፤ እሷን ማን ያነሣልኛል? ስለዚህ ዝም አልሁ። ከቀትር እስከ ማታ የሞተ ወንድሟን አሸከምኋት። እሷ እኮ እየዘፈነችለት ነበር። ‘ደሴ እንዳትተኛ’ እያለች ትዘፍንለት ነበር። እኔ ከኋላ እሰማለሁ።»

ከዚያ ቀና ብላ ጌርዳን አየቻቸው።

«ለቄስም ለባሌም ተናግሬው አላውቅም። እርስዎ እናት ነዎት፣ ስደትንም ያውቁታል። ጥፋት ነው ወይ? አጥፍቻለሁ ወይ? ይኸን ይንገሩኝ።»

ጌርዳ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምን አለች? ምን ትጠይቀኛለች?»

አንባቢዬ፣ ያችን ደቂቃ ብዙ ጊዜ ተመላልሼባታለሁ። ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር የተጫነብኝ መሰለኝ፤ መቀመጥ ፈለግሁ፣ መቀመጥ ግን አልቻልሁም። ዘፈኑ ትዝ አለኝ። እንዴት ረስቼው ነበር? አፌን ስከፍት የወጣው ግን ይህ ነው፤

«ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው ወይ? ብላ ነው የምትጠይቀው።»

የጌርዳ ፊት በራ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኬን፣ ኬን! ቤታሕ!» አሉ እየሳቁ።

አዎ፣ አዎ፣ እንዴታ፣ ማለታቸው ነው። እናቴ ዕብራይስጥ አታውቅም፤ ኬን ግን አዎ ማለት መሆኑን ታውቃለች። ያን የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም።

አንገቷን ደፋች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተነሣችና ወጥ ቤት ገብታ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ጌርዳ «ደከማት?» አሉኝ። «አዎ፣ ዓይኗ ነው» አልሁ። ይህም ሌላ ውሸት።

ሩት መጣች። ስፈራው የነበረው ነገር ምን ሆነ? ምንም። እናቴን ጨብጣ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት፤ ሾርባ ቀድታ አቀረበችላት። እናቴ አልቀመሰችውም።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ዝናቡን በመስኮት እያየች «ኬን አሉኝ» አለች። ያን ጊዜ «አይደለም እማዬ፣ አልተረጎምሁላቸውም» ብል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱንም አሳጠርሁት። ዝም አልሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ ጎረቤቴ ጠብታውን ልታደርግላት ፈቃደኛ ሆነችና እናቴ ቤት ዋለች። ረቡዕ ማታ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ትርንጎ፣ እናትሽ እህል አልቀመሰችም። ትናንትም እንዲሁ። ምግብ ሳቀርብላት ጾም ነው ትለኛለች። የምን ጾም ነው?»

ገባሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ የምን ጾም ነው?»

«የራሴ ነው።»

«ሐኪሙ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ብሏል እኮ።»

«ጥፋት ነው ተብያለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምናልባት አይደለም እያልሁ ኖርሁ። አሁን ግን የሚያውቅ ሰው ነገረኝ። ልጹምበት፣ ተይኝ።»

እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እውነቱን ነገርኋት። «እማዬ፣ ጌርዳ አልሰሙሽም። ያልሽውን አልነገርኋቸውም። ጥልፉ በእጅ የተሠራ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች አልኋቸው። ኬን ያሉት ለዚያ ነው።»

ዞራ አየችኝ። የተቀደደው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እኔስ» አለች ቀስ ብላ፣ «እየሳቁ ሲመልሱልኝ እንዴት ያለ ልብ አላቸው ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚስቅ እናት አለ? ብዬ ነበር። ሴትዮዋን በሆዴ ረገምኋት እኮ፣ ትርንጎ።»

«ሩት ልትመጣ ነበር፤ ቸኩዬ…»

«አይደለም። ቸኩለሽ አይደለም። ፈርተሽ ነው።» እጇን ራሴ ላይ አደረገች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። «እኔም ያን ቀን ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት። ግን አንቺ አሁን ትልቅ ሰው ነሽ።»

ከዚያ ጌርዳ ስለ ልጃቸው ያሉትን ነገርኋት፤ የሰባት ወሩን፣ ጨርቁን ሊጥሉ ደጃፍ ደርሰው መመለሳቸውን። ሙሉውን። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝና «ይህንንም ከልክለሽኝ ነበር?» አለች። ያች ጥያቄ ከሁሉም በላይ አቆሰለችኝ። ያን ማታ ግን ትንሽ ሾርባ ቀመሰችልኝ።

ሐሙስ ቀን ጌርዳ ዘንድ ሩት ሌሎች ዘመዶች ይዛ መጥታ ስለነበር አልተመቸኝም። ዓርብ ጠዋት እንደ ገባሁ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። እናቴ ያለችውን ቃል በቃል። የእኔንም ውሸት። ጥያቄዋንም። ኬን ማለታቸው ምን እንዳደረገ ጭምር።

ጌርዳ ሲያለቅሱ ድምፅ የላቸውም። እጄን ይዘው፣ «አንቺም ነበርሽ በዚያ መንገድ ላይ» አሉኝ። «ልጅቱ አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሰባት ይሆነኛል፤ ስምንት አልሞላኝም።»

ጥልፉን ቀና ብለው አዩት። «ለእናትሽ የምነግራት አለኝ» አሉ። «ልጄ በሞተ ቀን እኔም የሠራሁት ነገር አለ። ለሩትም አልነገርኋት። ለእናትሽ እነግራታለሁ። ጥያቄዋንም እመልስላታለሁ።»

«አሁን ይንገሩኝና ማታ ልንገራት» አልሁ። የእናቴ ጾም፣ የእናቴ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

«የለም» አሉ፤ በእንባ መሐል ፈገግ አሉብኝ። «አንቺ ታሳጥሪብኛለሽ። እሑድ አምጫት። ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት። አንቺ ቁጭ ብለሽ አንድ ቃል ሳታስቀሪ ትተረጉሚያለሽ። ቤሰደር?»

«ቤሰደር» አልሁ፤ እሺ ማለት ነው።

እናቴ ያን ሻባት፣ ቅዳሜውን፣ እንደ ሙሽራ ዋለች ብል አላጋነንሁም። ጸጉሯን አስጎነጎነች። ያለቻትን አዲስ ቀሚስ አስተኮሰችኝ። «ባዶ እጄን አልሄድም» ብላ በቀለም ስንደዶ የተሰፋች ትንሽ ሙዳይዋን አወጣች፤ ራሷ የሰፋቻት ናት። «ምን ይሉኝ ይሆን?» ትለኛለች። መልሳ «ምንም ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ ሰምተው ይናገሩ እንጂ» ትላለች።

እሑድ ጠዋት ደረስን። በሩ ተቆልፏል። ደወልሁ፤ አንኳኳሁ። የራሴን ቁልፍ አውጥቼ ከፈትሁ። አልጋው እንደ ተነሡበት ተዝረክርኳል፣ አንድ ጫማቸው መተላለፊያው ላይ ወድቋል። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ «ምነው?» አለች። ለሩት ደወልሁ።

ጌርዳ ትናንት ጠዋት፣ ሻባት ቀን፣ ወድቀው ተገኝተዋል። ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈሷል። ሆስፒታል ናቸው።

ለእናቴ ነገርኋት፤ ሳላሳጥር። «ውሰጅኝ» አለችኝ።

ሩት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት። ጌርዳ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸው ላይ የአየር መስጫ ተደርጎላቸዋል። እጃቸው አንሶላው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። «ትሰማለች?» አልኋት ሩትን። «ሐኪሞቹ አናውቅም ይላሉ» አለችኝ።

እናቴ ሙዳይዋን አልጋው ጫፍ ላይ አድርጋ የጌርዳን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ልክ በመጀመሪያው ቀን እንደያዘችው።

«እሜቴ፣ መጥቻለሁ» አለች። «ልጄ ነግራኛለች። ስለ ልጅዎ ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። እኔም ያልሁዎትን እንደገና ልንገርዎ።»

እንደገና ነገረቻቸው። በዚያ ሰኞ ያለችውን ሁሉ፣ ሌላም ጨምራ። እኔም እያንዳንዷን ቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስሁ። ቀትሩን። አንገቱን። ዘፈኑን። ድምፄ ሲቆረጥ እናቴ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ስቀጥል ትቀጥላለች። በሕይወቴ ያን ያህል አስተካክዬ ተርጉሜ አላውቅም። የምተረጉመው ግን ዓይናቸውን ለጨፈኑ ሰው ነበር።

መጨረሻ ላይ እናቴ «አጥፍቻለሁ ወይ?» አለች። እኔም በዕብራይስጥ «አጥፍቻለሁ ወይ?» አልሁ። የጌርዳን አፍ እናያለን፤ ሦስታችንም። እናቴ ብዙ ጠበቀች። ነርሷ ገብታ ወጣች። እናቴ አሁንም ትጠብቃለች።

ሩት እያለቀሰች «ንገሪያት» አለችኝ፤ «እናቴ መናገር ብትችል አላጠፋሽም ትላት ነበር።»

ተረጎምሁላት። እናቴ ለሩት ጎንበስ አለችላት። «እግዜር ይስጥልኝ በያት። ልጅ ናት፣ ለማጽናናት ነው። መናገር ቢችሉ ምን ይሉኝ እንደነበር ግን እሷ አታውቅም።»

ጌርዳ ማክሰኞ አረፉ። ለልጃቸው ያልነገሩት፣ ለእናቴ ሊነግሯት ያሰቡት ነገር ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም። ምን ሠርተው ነበር በዚያ የሻንጋይ ሙቀት ውስጥ? እናቴን ምን ሊሏት ነበር? ሰኞ ቀን አፌን ከፍቼ የሰማሁትን ብናገር ኖሮ እዚያው በቦታው ይመልሱላት ነበር። ጊዜ ነበራቸው፤ አንደበት ነበራቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። አምስት ቀን ሙሉ አንደበት ነበራቸው።

ከሐዘኑ ቤት ስንመለስ እኔ ራሴ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። አውቶቡሱን ስንጠብቅ «እማዬ፣ የተሸከምሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልንገርሽ። አላጠፋሽም» አልኋት። «ብታወርጂው ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።»

እጄን ይዛ አሻሸችልኝ። «አንቺ ልጄ ነሽ» አለች። «ልጅ ለእናቱ ያደላል።»

ደጋግሜ ነገርኋት፤ በዚያ ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ፣ ስትታመምም። ሁልጊዜ እጄን ታሻሽልኛለች፣ ሁልጊዜ «ተባረኪ» ትለኛለች። ነገሩን ግን ከእኔ እጅ አልተቀበለችም። እሷ የፈለገችው ፍርድ የልጅ ፍቅር ሳይሆን፣ ልጅ ቀብሮ በባዕድ አገር የኖረ የሌላ ሰው ቃል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቷ አንድ ጊዜ አገኘች። መሐል ላይ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ብዙ ጊዜ የማስበው ሌላም ነገር አለ። እናቴ ያን ነገር ስትናገር እኔ እንደምሰማ ታውቅ ነበር። ሃያ ዓመት የደበቀችኝን ለባዕድ ሰው በእኔ ጆሮ ስትነግር፣ ምናልባት ወደ እኔ ልትደርስ የምትችልበት ሌላ መንገድ አጥታ ይሆናል። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ ሰምቼ አቅፌያት ማልቀስ ሲገባኝ፣ እንደ ተርጓሚ ሰምቼ አሳጠርሁት። ሁለቱንም አልሆንሁም፤ ልጅም፣ ተርጓሚም።

አሁን ሬሆቦት ውስጥ በአንድ የሕክምና ጣቢያ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ይህን ሥራ የመረጥሁት በዚያ ምክንያት ነው። አንድ አዛውንት ረጅም ነገር ሲናገሩ ሐኪሙ «ባጭሩ ምን አሉ?» ይለኛል። «ባጭሩ አላሉም» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔ እቀጥላለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ለእናቷ ልትተረጉም መሐል ገብታ ስትቆም ካየሁ ደግሞ እጇን ይዤ አስወጣታለሁ። የእናትን ሕመም መሸከም የእሷ ሥራ አይደለም።

እናንተ እንደኔ በልጅነታችሁ ለወላጆቻችሁ አፍ የሆናችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ያሳጠራችሁባቸው ነገር ካለ፣ ዛሬ ሂዱና «ያን ቀን ምን ነበር ያልሽው? ምን ነበር ያልኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲናገሩ ሰዓታችሁን አትዩ። የሚያስፈራ ነገር ቢመጣም አትሽሹ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ድምፅዋ ደክሞ፣ «ሴትዮዋ የሚሉኝ ነበራቸው አይደል?» አለችኝ።

«ነበራቸው እማዬ» አልኋት።

«ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ» አለች።